ሙሉ የተባለው ቆጠራ

አስቀድመው መጠራት የሚገባቸው ሦስት ሰዎች አሉ፤ ሦስቱም አፈር ከለበሱ ዘመን አልፏል። የመጀመሪያው የባሕር ኃይሉ ማሠልጠኛ ካምፕ አለቃ ሲሆኑ ምልምሎቹ እሳቸው በሌሉበት «ሚዛን» ይሏቸው ነበር፤ የአንሶላ እጥፋት ከአንድ ስንዝር ቢያልፍ ወይም ቢያንስ ፍራሹን በመስኮት የሚወረውሩ፣ ነገር ግን በሃያ ዓመት አገልግሎታቸው አንድ ሰው እንኳ በከንቱ ሰድበው የማያውቁ ነበሩ። ሁለተኛው የዋና አሠልጣኙ «ጨው» ናቸው፤ ፊታቸው በባሕር ነፋስ የተሰነጣጠቀ፣ «ያልሞላውን ሞላ ያለ መርከብ ያሰጥማል» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ይዘው አሥራ ሁለት ዙር ምልምል ያስመረቁ። ሦስተኛው የምግብ አዳራሹ ኃላፊ «ደወል» ሲሆኑ ጎህ ሳይቀድ በብረት ጭልፋ ቧንቧ እየደበደቡ የሚቀሰቅሱ፣ አለቃም ይሁን ምልምል የበላበትን ሳህን ራሱ ሳያጥብ ከአዳራሹ እንዳይወጣ የደነገጉ ሰው ነበሩ። እነዚህ ሦስቱ ለሌላው ልክ አበጁ። መርከቦቹ ለቁርጥራጭ ብረት ሲሸጡ ልኩ አልተሸጠም፤ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ሰው አካል ውስጥ ሲኖር ቆይቶ ዛሬ በአንድ ፋርማሲስት ቤት ጓሮ በኩል፣ ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል በሆነች ክፍል ውስጥ ተቀምጧል።

የሰውዬው የባሕር ቤት ስም ፋኖስ ነው። በጦር መርከብ ላይ በመብራት ብልጭታ መልእክት የሚያስተላልፉ ባለሙያ ስለነበሩ ስማቸው ከሙያቸው ተቀዳ፤ አሁን ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ቤቱ የልጃቸው ነው። ልጁ ከዋናው መንገድ ዳር ኪራይዋ በየስድስት ወሩ የሚጨምር መድኃኒት ቤት አለችው፤ አባቱን ያከብራል፣ ኪኒናቸውን በሰባት ጉድጓድ በተከፈለች የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ በየቀኑ ለይቶ ይደረድራል፣ የደም ግፊታቸውን በየምሽቱ ይለካል። አባትየው በበኩላቸው አንሶላቸውን በስንዝር ልክ ያጥፋሉ፣ ኩባያቸውን ራሳቸው ያጥባሉ፤ ምራታቸው «እኔ አለሁ አይደል እንዴ?» ስትላቸው «ደወል ያዩኛል» ብለው ያልፋሉ። ምራትየዋ ደወል ማን እንደሆኑ ጠይቃ አታውቅም፤ እሳቸውም ተናግረው አያውቁም። ባለፈው ዓመት ከቀድሞ ባልደረቦቻቸው ስብሰባ ሲመለሱ ግፊታቸው አሻቅቦ ሦስት ቀን አልጋ ላይ ውለው ነበርና፣ ልጁ ከዚያ ወዲህ የአባቱን ስልክ «ቻርጅ ላይ ነው» እያለ ሳሎን ውስጥ ማዋል ጀምሯል።

በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ፋኖስ ኩባያቸውን ይዘው ወደ ማድ ቤት ሲሄዱ ኮሪደሩ ላይ ደረሱና ቆሙ። ሳሎን ውስጥ ልጃቸው ያናግር የነበረው በእሳቸው ስልክ ነው።

«እናንተ ሰዎች አይገባችሁም እንዴ? አባባ ማንንም ማግኘት አይፈልጉም ብዬሻለሁ። አዎ፣ ራሳቸው ናቸው ያሉት። ስንት ጊዜ ነው የምትደውይው? የባሕር ወሬ ከዚህ ቤት አብቅቷል። በቃ፣ ደህና ዋዪ።»

ፋኖስ ኩባያውን አጠቡ። ካጠቡትም በኋላ እንደገና አጠቡት። በሚዛን ሥርዓት ያደገ ሰው በገበታ ላይ አቤቱታ አያሰማም፤ ስለዚህ ቁርስ ቀርቦ ሲቀመጡ ሻይና ዳቦአቸውን በዝግታ በሉ፣ ምራታቸው የዳቦው ክብደት ከወር ወር መቅለሉን ስትናገር ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ልጃቸው ደግሞ የመድኃኒት ቤቱ አከራይ ዳግም ኪራይ ሊጨምር መሆኑን ሲያወራ «ሰው ሆዱ አይሞላም» አሉ። ልጅየው ሲነሣ «መድኃኒትዎን ወሰዱ አባባ?» ብሎ ጠየቀ፤ «ወሰድኩ» አሉት። ዓይን ለዓይን አልተያዩም፤ ባለመተያየታቸውም ልጁ ምንም አልጠረጠረ፣ በዚህ ቤት አባትና ልጅ ዓይን ለዓይን ካልተያዩ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋልና። ስልኩ መጥራት ማቆሙን አላስተዋልኩም ቢሉ ፋኖስ ራሳቸውን ያታልሉ ነበር። አስተውለዋል። ዝምታው ስለተስማማቸው ለምን ብለው አልጠየቁም።

ባልና ሚስት ወደየሥራቸው ከወጡ በኋላ ስልኩን ከማቀዝቀዣው ራስ ላይ አወረዱና መነጽራቸውን አድርገው የገቡትን ጥሪዎች ተመለከቱ። አንድ ስም የሌለው ቁጥር በሦስት ወር ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ደውሏል። መልሰው ደወሉለት። ከወዲያኛው ጫፍ የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ማን ልበል?»

«ፋኖስ ነኝ።»

የስፌት መኪናው ቆመ። «አይፈልጉም ተብዬ ነበር» አለች ሴትየዋ።

«እኔ አልተነገረኝም። አንቺስ ማነሽ?»

«የቡሽ ልጅ ነኝ። ይምጡ እንግዲህ። ግን ለጨዋታ ከሆነ አርፍደዋል።»

ቡሽ የሚለውን ስም ሲሰሙ ፋኖስ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያም ተነሥተው ጢማቸውን ተላጩ፣ ጫማቸውን ወለወሉ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ቆልፈው ኮታቸውን ደረቡ። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሰልፉ ሁለት ጊዜ ፈርሶ ሁለት ጊዜ ተሠራ፤ ትኬቷ ባለፈው ዓመት የአንድ ዳቦ ዋጋ ነበረች፣ ዘንድሮ የሦስት ሆናለች። አንዲት ተማሪ ልትነሣላቸው ብትል «ቁጭ በይ ልጄ፣ ቆሜ መሄድ ደመወዝ ተከፍሎኝ የተማርኩት ነው» አሏትና ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ የጣሪያውን ብረት ይዘው ቆመው ሄዱ።

የቡሽ ቤት ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው የልጅቷ ልብስ ስፌት ቤት ነው፤ የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ እስከ ጣሪያው ተከምሯል፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ ወለሉን ሸፍኖታል። በውስጠኛው ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮትና ሁለት በርጩማ አሉ። ቡሽ አልጋው ላይ ተጋድመዋል። በምልምልነታቸው ውሃ ላይ ጥለዋቸው ቢሄዱ ሳይሰምጡ የሚያድሩ ይባሉ ስለነበረ ነው ቡሽ የተባሉት፤ አሁን ግን ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን አድርቆታል፣ አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጣሟል፣ የሚንቀሳቀሱት ግራ እጃቸውና ሁለት ዓይኖቻቸው ብቻ ናቸው። በአጠገባቸው ከመርከቧ ወጥ ቤት በጡረታ የተሰናበቱት ማንኪያ ተቀምጠዋል። ሦስቱም የአንድ ዙር ምልምሎች ናቸው።

«ፋኖስ!» አሉ ማንኪያ ከበርጩማቸው ሳይነሡ። «እኛኮ ጋዝ አልቆብህ ጠፍተሃል ብለን ተዝካርህን ልናወጣ ነበር!»

«አንተን ሳልቀብር አልጠፋም» አሉ ፋኖስ።

«እኔን ለመቅበር ሁለት ጉድጓድ ነው የምትቆፍረው፤ አንዱ ለሆዴ ነው።» ማንኪያ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ስሚ ልጄ፣ እኔ እንዴት ወጥ ቤት እንደገባሁ አባትሽ ነግሮሻል? የመጀመሪያ ቀን ጫማ ሲታደል ሁለት ግራ ደረሰኝ። ማን ደፍሮ ይናገራል! ስድስት ሳምንት በሁለት ግራ ጫማ ተሰለፍኩ። አንድ ቀን ሚዛን ከፊቴ ቆሙ። ‹ምልምል፣ ሁለቱም እግሮችህ ግራ ናቸው?› አሉኝ። ‹አዎን ጌታዬ!› አልኩ። ምን ልበል ታዲያ? ‹መልካም፤ ቀኝ እግር እስክታበቅል ድረስ ድንች ላጥ› አሉኝ። ይኸው ሠላሳ ዓመት ላጥኩ፣ እግሩም አልበቀለ!»

ልጅቷ ፈገግ አለች፤ ፋኖስም ሳያስቡት ሳቁ። ማንኪያ ይህን ሲያዩ ሞቅ አላቸውና ቀጠሉ፤ አርባ ራስ በአንድ ምላጭ ስለተላጨበት ቀን፣ ደወል ሳህኑን በደንብ ያላጠበ ምልምል ለሳህኑ ሰላምታ እየሰጠ እንዲያድር ስለፈረዱበት ማታ፣ ባሕር አይቶ የማያውቀው ምልምል ውሃውን ቀምሶ «ማነው ይህን ሁሉ ጨው ያባከነው?» ስላለበት ጠዋት።

«ሳቂታው ነው ያለው!» አሉ ማንኪያ ጉልበታቸውን እየመቱ። «እሱ ነው እንጂ! ነፍሱን ይማር። እንደዚያ የሚያስቅ ልጅ... ትእዛዝ አክብሮ ከመስመር ባይወጣ ኖሮ እዚህ ከኛ ጋር ያረጅ ነበር። ቅልብልብነት ነው የገደለው።»

ቡሽ ግራ እጃቸውን አንሥተው አልጋውን መቱ፤ ደግመው መቱ። ዓይናቸው ከፋኖስ ፊት አልተነቀለም። ልጅቷ ወደ አባቷ ጎንበስ ብላ ትራሱን አስተካከለችና ሳትዞር ተናገረች። «ከሦስት ወር በፊት የልብስ ቁልፍ ልገዛ ስሄድ አባባን ይዤው ሄድኩ። ሱቁ ግድግዳ ላይ የአንድ ምልምል ፎቶ ተሰቅሏል። ባለሱቋን ‹ማነው?› አላት፤ ‹ወንድሜ ነው› አለችው። ከዚያ ማታ ጀምሮ ‹ፋኖስን አግኚልኝ› ብቻ ሆነ። ‹ምን እንደሆነ ለኔ ንገረኝና እኔ ልንገራት› ስለው ‹አይሆንም፣ ሁለት ነበርን፤ ብቻዬን አልናገርም› አለኝ። እኔም ደወልኩ። የዛሬ አሥራ አንድ ቀን አንደበቱ ተዘጋ።» በዚህ ጊዜ ዞረች። «እስከዚያ ድረስ መናገር ይችል ነበር፣ ጋሼ።»

ፋኖስ ተነሡ። «ሱቁ ወዴት ነው?»

«አሁን ሊሄዱ?»

«አሁን።»

«ቆይ እንጂ፣ ምንድን ነው ነገሩ?» አሉ ማንኪያ።

«ስመለስ ትሰማለህ» አሉ ፋኖስ። «ካንተ በፊት መስማት የሚገባት አለች።»

መንገዱ በእግር የሩብ ሰዓት ነበር፤ ፋኖስ ግን ግማሽ ሰዓት ሄዱበት። ያ ነገር በሆነበት ጊዜ ፋኖስ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበርና እዚህ ላይ አንቱታው ይቆየው። የዋና ትምህርት ሕጉ እንዲህ ነበር። አርባ ምልምሎች ሃያ ጥንድ ሆነው ከዳርቻው እስከ ተንሳፋፊው በርሜል ይዋኛሉ። በርሜሉ ዘንድ ጨው ጀልባ ላይ ቆመው ፊሽካ ሲነፉ እያንዳንዱ የጥንዱን እጅ ይዞ ከውሃው በላይ ያነሣል፤ እሳቸው ይቆጥራሉ። ሃያ ከሆነ «ሙሉ!» ይላሉ፤ ወደ ዳርቻ መመለስ ይፈቀዳል። ጥንዱን ያጣ «ጥንዴ!» ብሎ መጮኽ አለበት፤ ያኔ ሁሉም ባለበት ቆሞ ጀልባው የጠፋውን ይፈልጋል። የጠፋው ሰንፎ የዘገየ ሆኖ ከተገኘ ግን አርባዎቹም ያንኑ መንገድ ከመጀመሪያው ይዋኙታል። የፋኖስ ጥንድ ሳቂታው ነበር። በዚያ ቀዝቃዛ ጠዋት ሳቂታው ሁለት ጊዜ ዘገየ፤ ፋኖስ ሁለት ጊዜ «ጥንዴ!» አለ፤ ሁለት ጊዜም ሁሉም እንደገና ዋኙ። ባልደረቦቹ በሚንቀጠቀጥ ጥርሳቸው ሰደቡት። በሦስተኛው ፊሽካ ፋኖስ ዞር ቢል ሳቂታው የለም። አጠገቡ ቡሽ ነበር፤ ፈተናውን ቀድሞ ያለፈ በመሆኑ ከቆጠራ ውጭ ሆኖ ደካሞችን እንዲያግዝ ተመድቧል። «አንሣ! ኋላ ነው፣ ይመጣል» አለና እጁን ሰጠው። ፋኖስም ያዘው። ሁለቱ እጆች ተነሡ። ጨው ቆጠሩ፤ «ሙሉ!» አሉ። ዳርቻ ሲደርሱ ከቡሽ ሌላ ሠላሳ ዘጠኝ ነበሩ። ሬሳው በማግስቱ ተገኘ። ምርመራ ሆነ፤ ቆጠራው ሙሉ ስለነበረ ሟቹ ከቆጠራ በኋላ በገዛ ፈቃዱ ከመስመር መውጣቱ ተረጋገጠ ተባለ። ሚዛን ምልምሎቹን አንድ በአንድ ጠርተው ሲጠይቁ ፋኖስ «ጥንዴን በርሜሉ ላይ ይዤው ነበር» ብሎ መለሰ፤ ቡሽም «አይቻቸዋለሁ» አለ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰዎች በአንድ መርከብ አሥራ አንድ ዓመት አገለገሉ፣ በየስብሰባውም በጠረጴዛው ሁለት ጫፍ ተቀመጡ እንጂ ስለዚያች እጅ አንድም ቀን አልተነጋገሩም።

የቁልፍ ሱቁ እንደ ኮሪደር የጠበበ ነበር። ግድግዳው ሁሉ ትናንሽ መሳቢያ ነው፤ በየመሳቢያው ፊት በውስጡ ያለው ዓይነት ቁልፍ ተሰፍቶበታል። ባለሱቋ ስድሳ ስድስት ዓመት የሚሆናቸው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው፤ አንድ ሳህን ሙሉ የተደባለቀ ቁልፍ በየመጠኑ እየለዩ ነበር። ከራሳቸው በላይ ፎቶው ተሰቅሏል። ቆቡ ለራሱ የሰፋው ልጅ፣ ፎቶ አንሺው አትሳቅ እያለው ሳይሆን አይቀርም፣ ይስቃል።

«ምን ልስጥዎ?»

ፋኖስ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «በፎቶው ላይ ያለውን ልጅ አውቀው ነበር። አብረን ሠልጥነናል።»

ሴትዮዋ የያዙት ቁልፍ ከእጃቸው ወደቀ። በመደርደሪያው ዙሪያ ፈጥነው መጡና በርጩማ አቀረቡ፤ «ይቀመጡ! ይግቡ እንጂ! በሕይወቴ ከዚያ የመጣ አንድ ሰው አግኝቼ አላውቅም» አሉ፤ በርጩማውንም በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ። «ሳቁን ያስታውሱታል? እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ፊቱ ከፎቶው ነው ያለኝ፣ ድምፁ ግን ጠፍቶብኛል። እንዴት ነበር የሚስቀው?»

ፋኖስ ሳቁን ያስታውሱት ነበር። እስትንፋሱን ወደ ውስጥ ስቦ፣ ትከሻው እየዘለለ፣ መጨረሻ ላይ እንደሚያስነጥስ ሰው ነበር የሚስቀው። ነገሯቸው። ሴትዮዋ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው «አዎ፣ አዎ፣ ማስነጠሱ!» አሉ፤ እንባቸው ወረደ። በዚያች ቅጽበት ነገሩን እዚሁ ላይ መተው ይቻል ነበር። ደስ ያላትን አሮጊት ደስ እንዳላት ትቶ፣ ሁለት ቁልፍ ገዝቶ፣ ደህና ዋይ ብሎ መውጣት ማንም የማይወቅሰው ደግነት ይመስል ነበር። ፋኖስ በርጩማው ላይ አልተቀመጡም።

«እህቴ፣ ወንድምሽ ከመስመር አልወጣም» አሉ፤ ቀጥ ብለው ቆመው፣ በተጠየቁበት ቀን መናገር በነበረባቸው ቃልና ቅደም ተከተል፣ ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ ሦስተኛው ነገሯቸው። የሌላ ሰው እጅ መያዛቸውን፣ ሙሉ ያልሆነው ቆጠራ ሙሉ መባሉን፣ ለአለቃቸው የሰጡትን መልስ ሁሉ ምንም ሳያሳምሩ ተናገሩ። ሴትዮዋ አላቋረጧቸውም። በመካከሉ ወደ መደርደሪያው ኋላ ተመልሰው ቁልፎቹን መለየት ጀመሩ፤ ትልቁን ከትልቁ፣ ትንሹን ከትንሹ፤ ጣታቸው አልተሳሳተም።

«ጨረስክ?» አሉ በመጨረሻ። አንቱታው ጠፍቷል።

«ጨርሻለሁ።»

«አባቴ ይህን ፎቶ ቤት ውስጥ እንዳይሰቀል ከልክሎ ነበር። ‹ትእዛዝ የጣሰ ልጅ› ነበር የሚለው። ጎረቤት ሲጠይቀው ‹ልጅ የለኝም› ይል ነበር። እናቴ ሣጥን ውስጥ ደብቃ ታየው ነበር። እኔ የሰቀልኩት ሁለቱንም ከቀበርኩ በኋላ ነው።» አንድ ቁልፍ አንሥተው ወደ ብርሃን አድርገው አዩና በቦታው አኖሩት። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የኔ ንጋት ሃምሳ ሁለት ዓመት አደረ። ለምን ዛሬ መጣህ?»

ፋኖስ ልጃቸውን ማንሣት ይችሉ ነበር። «ፈርቼ ነው የቆየሁት» አሉ።

«ይቅር እንድልህ ነው የቆምከው?»

«አይደለም።»

«ደግ። ይቅርታ የለኝም። ያለኝ ቁልፍ ነው።» ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው ከታችኛው መሳቢያ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ፤ ማህተሙ ደብዝዟል፣ እጥፋቱ ሊቀደድ ደርሷል። «ከቆጠራ በኋላ ያለ ፈቃድ ከመስመር በመውጣቱ» የሚለው መስመር በጥፍር ተደጋግሞ ተፍቋል። ወረቀቱን ከፊታቸው ዘረጉና ከጎኑ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ አኖሩ። «ያንን አባቴ በወረቀት ነው የተቀበለው። የአንተ ቃል በአየር ላይ አይበቃኝም። ጻፈው። ሁለት ነበርን አላልክም? ሁለታችሁም ፈርሙበት። አባቴ መቃብር ላይ የማነበው እሱን ነው።»

ፋኖስ መደርደሪያው ላይ ጎንበስ ብለው ጻፉ። የድሮ ትምህርት ቤት እጅ ጽሕፈታቸው ዛሬም መስመር አይስትም። ማዕረጋቸውን፣ የምልምልነት ቁጥራቸውን፣ ሙሉ ስማቸውን እስከ አያታቸው ጻፉና ፈረሙ። ወረቀቱን ይዘው ሲወጡ ሴትዮዋ ደህና ዋል አላሏቸውም።

ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሲመለሱ ልጃቸውን አገኙት። ምራታቸው ለምሳ ስትመለስ ቤቱ ባዶ ሆኖባት ደውላለት ነበርና እሱም ቤት በቀረው የአባቱ ስልክ ላይ የመጨረሻውን ጥሪ አይቶ፣ ደውሎ አድራሻውን ጠይቆ ተከትሎ መጥቷል። ነጭ ጋውኑን እንኳ አላወለቀም፤ የግፊት መለኪያውን በከረጢት ይዟል። «አባባ! ምን ነካዎት? በዚህ ዕድሜዎ ሳይናገሩ! እዚህ ምን ሊሠሩ መጡ? እዩ እስቲ ራስዎን፣ ፊትዎ አመድ መስሏል!» አለ። አባትየው በጎኑ አልፈው ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡና ወረቀቱን ለቡሽ ዓይን አቅርበው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ቡሽ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፤ ሲያበቃ ከተጨፈነው ዓይን እንባ ወደ ጆሯቸው ወረደ።

ማንኪያ ከበርጩማቸው ተነሡ። ለረጅም ጊዜ ፋኖስን ተመለከቱ፤ ያ ሁሉ ጨዋታ ከፊታቸው ላይ ተጠርጎ ነበር። «ሃምሳ ሁለት ዓመት» አሉ፤ «በየስብሰባው፣ በየለቅሶው ‹ቅልብልብ ነበር› እያልኩ የሞተውን ልጅ ስሙን ሳጠፋ፣ አንተ ከጎኔ ተቀምጠህ ትስቅ ነበር። እያወቅህ። አንተም» አሉ ወደ አልጋው። ልጅቷ «ጋሼ፣ ምስክር ሆነው ይፈርሙልን» ብትላቸው ማንኪያ ባርኔጣቸውን አነሡ። «እኔ የዚህ ወረቀት ምስክር አይደለሁም፣ የዚህ ወረቀት ተከሳሽ አደረጋችሁኝ እንጂ» አሉና ወጡ።

ልጅቷ የአባቷን ግራ አውራ ጣት በእስክሪብቶ ቀለም ቀብታ ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው። አሻራው ትንሽ ተንሸራተተ፣ ነገር ግን አሻራ ነበር። ፋኖስ ከሥሩ «ይህ አሻራ የእሳቸው መሆኑን አይቻለሁ» የሚል መስመር ጻፉና እስክሪብቶውን ለልጃቸው ዘረጉለት።

«ልጅ ለአባቷ ምስክር አትሆንም፤ እኔም ለራሴ ጉዳይ አልሆንም። አንተ ግን ለእሳቸው ባዳ ነህ። ያላነበብከው ላይ እንዳትፈርም፤ አንብብ።»

ፋርማሲስቱ በትዕግሥት ማጣት ወረቀቱን ተቀበለ። ቆሞ ማንበብ ጀመረ፤ ከመካከሉ ሲደርስ በማንኪያ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሲጨርስ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ደግሞ አነበበው። በፊተኛው ክፍል አንድ ደንበኛ የደንብ ልብስ ዋጋ እየጠየቀች ነበር፤ ልጅቷ ከበሩ ሳትንቀሳቀስ «ነገ ይምጡ» አለቻት። ልጁ ቀና ብሎ አባቱን አየ፤ አባትየው ግን ወደ መስኮቱ ዞረው ነበር። ከዚያ ወደ አልጋው አየ። ከአልጋው ሁለት ዓይኖች ይመለከቱት ነበር፤ ክስም ምሕረትም የሌለባቸው፣ አንድ ነገር ለመናገር እየታገሉ መውጫ ያጡ ዓይኖች።

«መቼ ነው ይህ የደረሰባቸው?» ብሎ ልጅቷን ጠየቃት።

«የዛሬ አሥራ አንድ ቀን።»

«ከዚያ በፊት ይናገሩ ነበር?»

«ከአንተ ጋር ሳወራ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር። ሁሌም። ‹ምን አለሽ?› ይለኝ ነበር።»

ልጁ ፈረመ። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አኖረና ወደ አልጋው ጠጋ ብሎ፣ ፊቱ ከታማሚው ፊት ትይዩ እንዲሆን ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ ስልኩን አንሥቼ አይፈልጉም እያልኩ የመለስኩት እኔ ነኝ። አባባ አያውቁም ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አልነገርኳቸውም። ለጤናቸው ብዬ...» ቆመ። «አይደለም። ለጤናቸው ብዬ አይደለም። ወሬያችሁ ሰልችቶኝ ነው። የሽማግሌ ቀልድ መስሎኝ ነው። ተሳስቻለሁ ጋሼ፤ አጥፍቻለሁ።»